ዲስኩ ተቀይሮም መሪው ከተንቀጠቀጠ

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ፣ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር መሪው እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል? የፍሬኑ ዲስክ ቶርኖ ቤት ተስተካክሎ ወይም በአዲስ ተተክቶ ችግሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ከሆነ፣ እባካችሁ ሌላ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት ዲስኩ የሚያርፍበትን ሞዞ ተመልከቱ።

ዲስኩን አውልቁና የሞዞውን ፊት በጣታችሁ ዳብሱት። እንደ ቅርፊት የተነሳ ዝገት ካገኛችሁ ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት፤ የዲስኩንም የውስጥ ፊት እንዲሁ። የጎማውን ዳዶዎች ስትመልሱ በዙሪያው ተራ ሳይሆን በተቃራኒ እያፈራረቃችሁ፣ በእኩል ኃይል አጥብቁ።

በዝገት ላይ የተቀመጠ ዲስክ እየተወላገደ ይዞራል። በብዙ መኪኖች የሚፈቀደው መወላገድ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ ከአንድ ወረቀት ውፍረት ያንሳል! ፍሬን ሳይያዝም ዲስኩ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታው ላይ የፍሬን ሸራውን እየነካ ይሄዳል፣ ያ ቦታ ቀስ በቀስ ይሳሳል። መንቀጥቀጡ ዘግይቶ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ ቶርኖ ዲስኩን ያስተካክላል እንጂ ሞዞውን አያጸዳም።

ፍሬን ሳትይዙም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ የጎማ ባላንስ አስፈትሹ።