ያገለገለች፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ትንሽ የስፖርት መኪና፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጣሪያዋ የሚከፈት ትንሽ የስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በልቡ ነው የሚገዛው። አእምሮው ከፊርማው በኋላ ይደርሳል። ምንም አይደለም። ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ አንድ ደህና ሻንጣ እንኳ የማትችል መኪና በሂሳብ አስልቶ የሚገዛ የለም። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ የሚፈሰው በሚታየው ላይ ነው፤ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ መሪ። መኪናዋን የሚጨርሳት ግን የማይታየው ነው።

በብዛት ምሳሌ የማደርገው ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ብቅ ያለች፣ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ከፋብሪካ የወጣች መኪና ናት። ብዙ ሰው ስለነዳት፣ ብዙ ሰው ስለፈታታትም ሕመሟ ሁሉ አደባባይ የወጣ ነው። ያለዎት የሌላ ፋብሪካ ምርት ቢሆንም አብዛኛው ነገር እርስዎንም ይመለከታል።

ቀለም አይቶ መግዛት

የሚያብረቀርቅ ቀለም ያጓጓል። እኔ ግን እንደ አዲስ የምታብረቀርቅ አሮጌ መኪና ሳይ ጥርጣሬዬ ይጨምራል። ሞተር ቢበላሽ ይቀየራል። ካምቢዮም እንደዚያው። አካሏ በዝገት የተበላ መኪና ግን ከተገዛችበት ዋጋ በላይ ልታስወጣ ትችላለች።

ኤምኤክስ-5 ላይ መጀመሪያ የሚታየው ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ነው፤ በተለይ ከኋላ ጎማው ፊት ያለው ጫፍ። እዚያ ዝገት የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት ካዩ ውስጡ ቀድሞ አልቋል ማለት ነው። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ያስጠጉ። አልይዝ ካለ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ከዚያ ይንበርከኩና የታችኛውን ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ። ጤነኛ ጠርዝ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው። የተቆራረሰ ወይም ያላግባብ የወፈረ ከሆነ እዚያ የሆነ ሰው ሥራ ሠርቷል።

በሁለተኛው ትውልድ፣ ማለትም ከ1998 እስከ 2005 በተመረቱት ላይ፣ የፊት የሻሲ ብረቶችም ከውስጥ ይበላሉ። እነዚህ ከላይ አይታዩም። መኪናዋ ከፍ ብላ ከሥር መታየት አለባት። ሻጩ ሥሯን ሰሞኑን በጥቁር ቅብ ካለበሳት ደግሞ «ምን ነበረው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

የጣሪያውን የውሃ መውረጃ መርሳት

ያ ሁሉ ዝገት ከየት መጣ? በአብዛኛው ከተዘጋ ቱቦ።

የሸራ ጣሪያ ውሃን ሙሉ በሙሉ እንዲያስቀር አይጠበቅበትም። ከኋላ የሚወርደውን ውሃ ከሸራው ሥር ያለ ቦይ ይቀበለዋል። ከዚያ ከወንበሮቹ ኋላ፣ በግራና በቀኝ ጥግ ባሉ ቱቦዎች በኩል ወደ ታች ይወርድና ከኋላ ጎማው ፊት መሬት ላይ ይፈሳል። ቱቦው በቅጠልና በአቧራ ሲዘጋ ውሃው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ወይ ምንጣፉ ሥር ይገባል፣ ወይ በሩ ሥር ባለው ባዶ ላሜራ ውስጥ ይተኛል። ባለቤቱ የሚያውቀው መኪናዋ ሽታ ስታመጣ ወይም መስታወቷ ጠዋት ጠዋት ከውስጥ ጉም ሲለብስ ነው።

ፍተሻው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሸራውን ይክፈቱ። የደህንነት ቀበቶው ከሚወጣበት ምሰሶ ጀርባ ያለውን ጥግ ይፈልጉ። ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ቀስ አድርገው ያፍስሱና ጎንበስ ብለው ከኋላ ጎማው ፊት ይመልከቱ። ውሃው ወዲያው ከወረደ ደህና ነው። ጠብ ጠብ ብቻ ካለ ግማሹ ተዘግቷል። ምንም ካልወረደ ውሃውን አሁን መኪናዋ ውስጥ አስገብተዋል፤ ቶሎ ያድርቁት።

ለመጥረግ ጠንካራ ሽቦ አይጠቀሙ። ቱቦውን ይበሳዋል፣ ወይም ከቦታው ያወልቀዋል። በከፍተኛ ግፊት አየር መንፋትም እንደዚያው። የሣር ማጨጃ ማሽን ላይ የሚጠመጠመው ወፍራም የናይለን ክር በጣም ይመቻል፤ እያሽከረከሩ ያስገቡት፣ ከዚያ በውሃ ያጥቡት። በየጥቂት ወሩ ቢደገም ጥሩ ነው፤ በተለይ ዛፍ ሥር ለሚያቆም ሰው።

ምንጣፉ አንዴ ከረጠበ ላዩን ማድረቅ በቂ አይደለም። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃውን ለሳምንታት ይይዛል። ወንበሮቹ ወጥተው ምንጣፉ መነሳት አለበት።

ሸራውን ማሰቃየት

ያረጀ ሸራ ሁለት ነገር አይወድም፤ ብርድና ጥድፊያ። የመጀመሪያው ትውልድ ኤምኤክስ-5 የኋላ መስኮት ፕላስቲክ ነው። ጣሪያው ከመታጠፉ በፊት ዚፑ ተከፍቶ መስኮቱ ጠፍጣፋ ሆኖ መተኛት አለበት። ይህን የዘለለ ሰው መስኮቱን ደጋግሞ በአንድ መስመር ላይ ያጥፈዋል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። በብርድ ጊዜማ ፕላስቲኩ ስለሚደርቅ አንድ ጊዜ ማጠፍም ሊበቃው ይችላል። እርጥብ ሸራ አጥፎ ማሳደር ደግሞ ሻጋታ ያመጣል። ከፍተኛ ግፊት ባለው ውሃ ማጠብስ? ስፌቱን ያላላዋል። ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ለሸራ ጣሪያ የተዘጋጀ ሳሙና ይበቃል።

የመኪናዋን የታወቀ በሽታ ሳያጠኑ መግዛት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እነዚህ መኪኖች ግን በሽታቸውን አልደበቁም፤ ገዢው ነው የማይጠይቀው። የመጀመሪያዎቹ ፖርሽ ቦክስተሮች ሞተር ውስጥ ያለው የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ ሲሰበር ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ኤምጂኤፍ የምትባለው የእንግሊዝ መኪና የቴስታታ ጋስኬት፣ ማለትም ከሞተሩ ራስ ሥር ያለውን ማሸጊያ፣ በማቃጠል ትታወቃለች። ቢኤምደብልዩ ዚ3 ላይ ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል የታሰረበት የወለል ላሜራ ሊቀደድ ይችላል።

ኤምኤክስ-5ም ንጹሕ አይደለችም። የመጀመሪያዎቹ ባለ 1.6 ሊትር ሞተሮች የክራንክሻፍት፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ አፍንጫ አጭር ነበር። ጫፉ ላይ ያለውን ቤልት አዟሪ ፑሌጃ የሚያስረው ቡሎን በትክክል ካልጠበቀ፣ ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ብረት የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ቀስ በቀስ ይበላል። ፑሌጃው መወላገድ ይጀምራል፣ ሞተሩም ጉልበቱን ያጣል። ለመለየት ኮፈኑን ከፍተው የፑሌጃው ፊት ላይ ያሉትን ክፍተቶች ይቁጠሩ። አራት ክፍተት ካለው አጭሩ ነው፣ ስምንት ካለው የተሻሻለው ነው። አራት ስላገኙ ብቻ ጥለው አይሂዱ። ሞተሩን አስነስተው ፑሌጃው ቀጥ ብሎ መዞሩን ይዩ፣ ዋጋውንም በዚያ ልክ ይነጋገሩ።

ከላይኛው የሞተር ክፍል የሚሰማው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ግን ብዙ ሰው በከንቱ ያስደነግጣል። በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች በአብዛኛው ቫልቮቹን ከሚገፉት፣ በዘይት ከሚሞሉት ሃይድሮሊክ ሊፍተሮች የሚመጣ ነው። መጀመሪያ የዘይቱን መጠን ይዩ። ከዚያ ዘይቱን ይቀይሩና ትንሽ ይንዱ።

ጥገናውን ዘልሎ ወደ ማሳመር መግባት

ከግዢው በኋላ የመጀመሪያው ወጪ ለማንም የማይታይ መሆን አለበት። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የዲፈረንሻል ዘይት፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ የፍሬን ዘይት፣ ካንዴላ፣ ማጣሪያዎች። «ባለፈው ዓመት ተቀይሯል» የሚለውን በደረሰኝ ካልሆነ አይመኑ።

የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያስማማው ታይሚንግ ቤልት በሁለቱ የመጀመሪያ የኤምኤክስ-5 ትውልዶች በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ይቀየራል። ትንሽ የተነዳች መኪናም ብትሆን የቤልቱ ጎማ በዕድሜ ያረጃልና ዓመቱን ይቁጠሩ። ያን ጊዜ የውሃ ፓምፑንና ዘይት የሚያፈሱትን ሲሎች አብሮ መቀየር ነው ብልኅነቱ። ሁሉም እዚያው አካባቢ ናቸው፤ ድጋሚ ለማስፈታት ድጋሚ የእጅ ዋጋ መክፈል ነው። ራዲያተሩን ደግሞ ከላይ ያለውን የፕላስቲክ ጋን ቀለም አይተው ይፍረዱ። ጥቁር የነበረው ወደ ቡናማ ከተለወጠ መሰንጠቂያው ቀርቧል።

የፍሪሲዮን ፔዳል ከላላ ወይም ማርሽ አልገባ ካለ ካምቢዮው ተበላሸ ብለው አይሸበሩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ካምቢዮው ጎን ላይ ያለው ትንሹ የፍሪሲዮን ሲሊንደር ነው። የጎማ ሽፋኑ ሥር ፈሳሽ ካለ እሱ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው። የፍሬን ዘይቱን ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩት፤ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲግል የመፍላት አደጋ አለው።

ያገኙትን ባትሪ መክተት

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ባትሪው ያለው ከኋላ፣ እቃ መጫኛው ውስጥ ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠመላት የታሸገ፣ ትነቱን በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ዓይነት ነው። ርካሽ ብሎ ተራ ባትሪ ያስገባ ሰው የአሲድ ትነቱን እቃ መጫኛው ውስጥ ያስቀረዋል። ባትሪውን አንሥተው ሥሩን ይመልከቱ። ቀለሙ ተልጦ ላሜራው ከተበላ የቀድሞው ባለቤት የሠራው ይኸው ነው።

ክሪክ ያገኙበት ቦታ መትከል

ጣሪያ የሌላት መኪና ጥንካሬዋ በብዛት ያለው በወለሏና በሩ ሥር ባሉት ወራጆች ላይ ነው። ክሪክ ያለቦታው ሲያርፍ ጠርዙ ይጨፈለቃል፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ዝገት ይገባል። መመሪያው መጽሐፍ ላይ የተመለከቱት ነጥቦች አሉ፤ እነሱን ብቻ ይጠቀሙ። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር ደግሞ በፍጹም አይግቡ።

ጥርሱ ያላለቀ ጎማ አዲስ ነው ብሎ ማሰብ

እንዲህ ያሉ መኪኖች ብዙ አይነዱም። ስለዚህ ጎማቸው ሳያልቅ ያረጃል። የጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ። 2316 ከሆነ በ2016፣ በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ዓሥር ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር ደርቋል፣ በእርጥብ መንገድ ላይ ያንሸራትታል። በኋላ ጎማ የምትነዳ ቀላል መኪና ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። ለማሻሻል የመደቡት የመጀመሪያው ገንዘብ ጥሩ ጎማ ላይ ቢውል የሚቆጭዎት አይመስለኝም።

መኪናዋን መሬት ማስላስ

ሞላ ቆርጦ ማሳጠር ርካሽ ነው፤ የሚያመጣው ግን ሌላ ነው። ሾክ አብዞርበሩ ለመንቀሳቀስ የቀረው ቦታ ትንሽ ስለሚሆን በእያንዳንዱ ጉድጓድ መጨረሻው ላይ ያለውን የማቆሚያ ላስቲክ ይመታል። መኪናዋ ትዘላለች፣ መንገዱንም ትለቃለች። ይህን ግትርነት «ስፖርት ሆነች» ብለው የሚደሰቱ አሉ። እኔ አልስማማም። የዚህች መኪና ውበቷ ከመንገዱ ጋር መተንፈሷ ነው።

መጀመሪያ ያረጁትን የሱስፔንሽን ቡሾች ይቀይሩ። ከዚያ እርስ በእርሳቸው የሚስማሙ ሞላና ሾክ አብዞርበር አንድ ላይ ይግዙ። መጠነኛ ዝቅታ ይበቃል። ምንም ቢቀይሩ በመጨረሻ አላይመንት ያሠሩ። በትላልቅ ቸርኬዎችም አይታለሉ። የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ከፋብሪካ የወጣችው 185/60 በሆነ 14 ኢንች ጎማ፣ በጣም ቀላል በሆነ ቸርኬ ነው። ከባድ 17 ኢንች ሲገጠምላት መሪዋ ይደነዝዛል፣ ትንሿ ሞተርም ያንን ክብደት እየጎተተች ትደክማለች።

ጌጥን ከደህንነት መቀላቀል

ከወንበር ጀርባ የሚገጠሙ ብረቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ በስድስት ወይም ስምንት ጠንካራ ቡሎን ከሻሲው ጋር የሚታሰር፣ መኪናዋ ብትገለበጥ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ሌላው ለፎቶ ነው። የሚያምረውን ገዝቶ ተጠበቅሁ ማለት አደገኛ ነው። እውነተኛውንም ቢሆን ሲገጥሙ ወንበርዎ ላይ ይቀመጡና አንድ ሰው ከብረቱ አናት እስከ ፊት መስታወቱ ክፈፍ አናት ቀጥ ያለ እንጨት ያጋድምልዎ። ጭንቅላትዎ እንጨቱን ከነካ ብረቱ አጭር ነው፣ ወይም ወንበሩ መውረድ አለበት። ራስዎ የሚደርስበት ብረት ሁሉ በጠንካራ ስፖንጅ ይሸፈን።

ትንሽ የስፖርት መሪ መግጠምም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ከቀድሞው መሪ ጋር ኤርባጉ አብሮ እንደሚወጣ አውቀው ይወስኑ።

ቱርቦ ከሁሉም ፊት

ቱርቦ ይቻላል፤ ብዙዎች ሠርተውታል። ስህተቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አየር ሲጨምር ነዳጁም የእሳቱ ጊዜም አብሮ መስተካከል አለበት። ካልሆነ ቅልቅሉ ያለጊዜው ይፈነዳና ፒስተን ይበሳል። ስለዚህ የሞተሩ ኮምፒውተር በባለሙያ ካልተስተካከለ ቱርቦውን አይንኩት። ከዚያም በፊት ራዲያተር፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን አሉ። ባለ 1.6 ሊትሯ ላይ ያለው ዲፈረንሻል ባለ 6 ኢንች ክራውን (ትልቁ የውስጥ ጥርስ) ነው፤ ለተጨማሪ ጉልበት ይሳሳል። ከባለ 1.8ቷ የመጣው ባለ 7 ኢንቹ በጣም የተሻለ ነው።

ሦስት ነገር በአንድ ቀን አይቀይሩ። ሞተሩ ቢንተፋተፍ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። የወጣውንም ዕቃ አይጣሉ። ቡሎኖቹን ከነስማቸው በከረጢት ያስቀምጡ፤ የፋብሪካ ዕቃ ከዓመት ዓመት እየጠፋ ነው፣ ነገ የሚገዛትም ሰው ይጠይቃል።

ለወራት ቆማ ስትከርም በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት

ብዙ ሰው ለመኪናዋ ያሰበላት ይመስለዋል። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ሲጠፋ እርጥበት ዘይቱና ማርሚታው ውስጥ ይቀራል። ባትሪውም ለማስነሳት ያወጣውን መልሶ አያገኝም። ይልቅ ዘይቱን ቀይረው ያቁሟት፣ ሰልባትዮውን በነዳጅ ይሙሉ፣ የጎማውን አየር ትንሽ ከፍ ያድርጉ፣ ባትሪው ላይ ራሱ የሚቆጣጠር ቻርጀር ይሰኩ። የእጅ ፍሬኑን አይሳቡ፤ የፍሬኑ ሸራ ሊጣበቅ ይችላል። ማርሽ ውስጥ ከትተው ጎማውን በታኮ ይያዙት። ማስነሳት ካለብዎት ግን ይዘዋት ይውጡ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንዱ።