የተፈታ ሞተር ውስጥ የያዘ ዝገት እንዴት ይለቀቃል?

ሞተር ተፈትቶ መለዋወጫ ሲጠበቅ ክረምት ከገባ ሲሊንደሩና ክራንክ ሻፍቱ (በፒስተኖቹ ተገፍቶ የሚዞረው ዘንግ) ቡናማ ዝገት መያዛቸው አይቀርም። ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ዕቃው ይድናል።

1. ይለዩ። ዝገቱን ዘይት በነካ ጨርቅ ጠርገው በጥፍርዎ ይዳስሱ። ጥቁር ጥላ ብቻ ከቀረ ችግር የለውም። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ግን ክራንኩ በማሽን ተሞርዶ በልኩ ወፍራም ብሮንዚና (ክራንኩ የሚዞርበት ስስ የብረት ሽፋን) ይገባለታል፣ ሲሊንደሩም ይሰፋል። የቫልቭ ሞላ ላይ ትንሽ ጉድጓድ እንኳ ካለ ይቀይሩት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የዛገ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ብሮንዚና ላይ ጊዜ አያጥፉ።

2. ተራ ብሎንና የብረት ክዳን ቅባታቸው ታጥቦ አቼቶ ውስጥ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ይዘፍዘፉ። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ያለቅልቁ፣ ያድርቁ፣ ወዲያው ዘይት ይቀቡ። ሞላ፣ ክራንክ ሻፍትና አሉሚኒየም አቼቶ ውስጥ አይገቡም፤ አሲድ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ጠንካራ ብረትን ደግሞ ተሰባሪ ሊያደርግ ይችላል።

3. የክራንኩን የዘይት ቀዳዳዎች ይድፈኑ። ቁጥር 600 የውሃ ብርጭቆ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጠው፣ ዘይት ነክረው፣ የክራንኩን አንገት (ብሮንዚናው የሚያቅፈውን ክብ ክፍል) ዙሪያውን እኩል ይሹት፤ በ1000 ይጨርሱ። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ከፈተጉ ክቡ ይዛባል፤ ስለዚህ በማይክሮሜትር (ውፍረት መለኪያ) ለክተው ከሞተሩ ማንዋል ጋር ያስተያዩ። የዕቃ ማጠቢያ አረንጓዴ ስፖንጅ አይጠቀሙ። የሚረግፈው ደቃቅ ጠጠር ብሮንዚና ይበላል። አሸዋ መንፋትማ ከናካቴው አይታሰብም።

4. ሲሊንደሩን በመሰርሰሪያ በሚዞር የሲሊንደር መሞረጃ፣ ዘይት እያጠጡ፣ ሳይቆሙ ከላይ ወደ ታች እያመላለሱ ይሙረዱ። ጭረቶቹ ተጠላልፈው መታየት አለባቸው፤ ዘይት የሚይዙት እነሱ ናቸው።

5. እጥበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ በቤንዚን ወይም በናፍጣ ብቻ ያጥባል። ነዳጅ ቅባቱን ይወስዳል እንጂ በጭረቱ ውስጥ የተቀረቀረውን ደቃቅ አያወጣም፤ ሞተሩ ሲነሳ ያ ደቃቅ ፋሻውን ይፈጫል። በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና፣ በብሩሽ ይሹ። ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ ሲያልፍበት ግራጫ ካወጣ እንደገና ይጠቡ። የዘይት መንገዶቹን ድፍን ከፍተው በቀጭን ብሩሽ ያጽዱ፣ በኮምፕሬሰር ይንፉ። የታጠበ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ መልሶ ስለሚዝግ ዘይቱን ከጎንዎ አስቀምጠው ይጀምሩ።