ዱቄቱ አልቋል፣ ገንዘቡ የለም፦ የአነስተኛ ንግድ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ዳቦ ቤት ከፍቼ በሠራሁባቸው ዓመታትም ሆነ ከዚያ ወዲህ የሌሎች ነጋዴዎችን መዝገብ ሳስተካክል አንድ ነገር ሲደጋገም አይቻለሁ። ንግዱ ሲንገዳገድ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚወቅሰው ገበያውን ነው፤ ቀጥሎ ሠራተኛውን፣ ከዚያም ዕድሉን። ሚዛኑን፣ መሳቢያውንና የራሱን አንደበት ግን ሳይፈትሽ ያልፋል። እኔም እንዲሁ አልፌ ስለነበር የሚያስከፍለውን ዋጋ አውቀዋለሁ።

ምሳሌዎቹን ከዳቦ ቤት የወሰድኩት ከሁሉ ይበልጥ የማውቀው እርሱን ስለሆነ ነው። ልብስ ለሚሰፋም፣ ሸቀጣ ሸቀጥ ለሚነግድም አካሄዱ ያው ነው።

ምልክት፦ ዱቄቱ ያልቃል፣ የዳቦው ቁጥር ግን ይጎድላል

በአንድ ወቅት በየቀኑ ከመቶ በላይ ዳቦ ይጎድለኝ ጀመር። ሻጯን ጠረጠርኩ። ሳትሰማ ቆጠርኩባት፣ ደብተሯን ሁለት ጊዜ አገላበጥኩ፣ በወሩ መጨረሻ ላሰናብታት ወሰንኩ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወደ ማቡኪያው ክፍል ገባሁ። የማቡኪያው ልጅ ሊጡን እየቆረጠ ያድቦለቡላል፤ ሚዛኑ ግን ዱቄት ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«ሚዛኑ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«እትዬ፣ መሥራት ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በእጄ እየገመትኩ ነው የምቆርጠው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

አንገቱን ደፋ። «የማሽኑ ቀበቶ የተበጠሰ ጊዜ ስነግርዎ ተቆጥተውኝ ነበር።»

አሥር ድቡልቡል ሊጥ በሌላ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ። አንድ ኪሎ መሆን የነበረበት አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ሆነ። እያንዳንዱ ዳቦ አሥር ግራም ተርፎታል ማለት ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ አንድ ኩንታል ዱቄት 60 ሊትር ያህል ውሃ ሲገባበት፣ ጨውና እርሾውን ትተን፣ 160 ኪሎ ሊጥ ይወጣዋል። በ100 ግራም ሲቆረጥ 1,600 ዳቦ ነው፤ በ110 ግራም ሲቆረጥ 1,454። ከአንድ ኩንታል 146 ዳቦ ጠፋ፤ የሰረቀው ግን አልነበረም። የጠፋው በደንበኛው እጅ ውስጥ ነው፤ ደንበኛውም ቢሆን አሥር ግራም እንደተጨመረለት አያውቅም።

በማግስቱ ሻጯን ለብቻዋ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። ለካስ እንደጠረጠርኳት ታውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጉድለት ሲያጋጥመኝ የምፈትሽበት ቅደም ተከተል ተለወጠ፤ አስቀድሞ ዕቃ፣ ቀጥሎ አሠራር፣ በመጨረሻ ሰው። ሲራገፍ ኩንታሉ በእርግጥ መቶ ኪሎ ይሞላል? ውሃው በመለኪያ ነው የሚገባው ወይስ በጆግ ግምት? አሥር ድቡልቡል አንድ ላይ ሲመዘን ልኩን ይሰጣል? ያረረው፣ የተሰበረው፣ ለጎረቤት የተሰጠው፣ በዱቤ የወጣው የት ተጻፈ? ይህ ሁሉ ተጣርቶ ጉድለቱ ካልተገኘ ያን ጊዜ ወደ ሰው ይሄዳሉ። ሊጡ ምድጃ ሲገባ ከክብደቱ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት በመቶ ያህል በእንፋሎት እንደሚያጣም አይርሱ፤ የበሰለው ዳቦ 90 ግራም እንዲሆን ከፈለጉ ጥሬው በ90 ግራም መቆረጥ የለበትም።

የሚዛን ባትሪ መለወጥ ቀላል ነው። እኔን ሦስት ሳምንት ያስከፈለኝ ግን ባትሪው ሳይሆን ቁጣዬ ነበር። ባለቤቱ መጥፎ ወሬ ሲሰማ የሚጮህ ከሆነ መጥፎ ወሬ መምጣቱን ያቆማል፤ ጉዳቱ ግን አይቆምም። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ሥራ ሲቀያየር ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ጥያቄ ማቅረብ ጀመርኩ፦ «በዚህ ሳምንት ምን ተበላሸ?» መልሱ ምንም ይሁን ምን የመጀመሪያው ቃሌ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» እንዲሆን ራሴን አስገደድኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሁሉም «ምንም የለም» አሉ። በሦስተኛው ልጁ የምድጃው በር በደንብ እንደማይገጥም ነገረኝ።

ምልክት፦ ቀኑን ሙሉ ይሸጣል፣ ወሩ ሲያልቅ ግን ለኪራይ ብድር ይፈለጋል

ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ «ትርፉ አነስተኛ ሆኖ ነው» ይላል። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ከሁለት አንዱ ይገኛል።

አንደኛው መሳቢያው ነው። የቤቱም የሱቁም ገንዘብ ከአንድ ቦታ ይወጣል። ጠዋት ለታክሲ 100፣ ቀትር ላይ ለልጅ 150፣ ማታ ለቤት ወጪ 250፤ አንዳቸውም ወጪ ስለማይመስሉ አይጻፉም። በቀን 500 ብር በወር 15,000 ብር ነው። ይህ ለአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ይበቃል፤ ባለቤቱ ግን «እኔ ደመወዝ አልወስድም» ሲል ይሰማል።

ሁለተኛው በወር አንዴ የሚመጣን ወጪ በየቀኑ አለመቁጠር ነው። ለምሳሌ ኪራይዎ በወር 30,000 ብር ከሆነ ሱቁ በተከፈተ ቁጥር 1,000 ብር ዕዳ ይዞ ይነሳል። በ180,000 ብር የተገዛና አምስት ዓመት ያገለግላል የሚሉት ማቡኪያ ማሽን በቀን 100 ብር ያህል እያረጀ ነው። ይህ በዋጋው ውስጥ ካልገባ ማሽኑ ሲሞት ንግዱ አብሮት ይታመማል።

መፍትሄው ብልሃት አይጠይቅም፣ ጽናት ግን ይጠይቃል። ማታ መሳቢያው ሲቆጠር ገንዘቡ በቅደም ተከተል ይከፈላል። መጀመሪያ የነገው ዱቄት፣ እርሾና ማገዶ ወይም መብራት። ቀጥሎ የኪራይና የደመወዝ የቀን ድርሻ። ከዚያ የመንግሥት ድርሻ፦ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆኑ ከደንበኛ የሚሰበስቡት 15 በመቶ አንድም ቀን የእርስዎ ሆኖ አያውቅም፤ ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠው የጡረታ 7 በመቶ፣ እርስዎ የሚጨምሩት 11 በመቶና የሥራ ግብሩም እንዲሁ። በመጨረሻ የእርስዎ ደመወዝ፣ ቁርጥ ሆኖ፣ ከተቻለ በሳምንት አንድ ቀን። ለእነዚህ የተለያዩ የባንክ ሒሳቦች መክፈት ይሻላል። በቴሌብር የሚከፈል ገንዘብ ሲበዛ ደግሞ በግል ስልክ ቁጥር መቀበል ያቁሙ፤ የንግዱ መቀበያ ለብቻው ይሁን። የእናት ስጦታና የዳቦ ሽያጭ በአንድ ቁጥር ሲገቡ ማንም ሊለያቸው አይችልም።

ዕቁብስ? እኔ ዕቁብ እወዳለሁ፤ ማቡኪያዬንም የገዛሁት በዕቁብ ነው። ነገር ግን ዕቁቡ ከባለቤቱ ደመወዝ ወይም ለማሽን ከተቀመጠው ድርሻ ይጣል እንጂ ከዱቄት ገንዘብ አይጣል። ከዱቄት ገንዘብ የሚጣል ዕቁብ ዕጣው እስኪወጣ ድረስ መደርደሪያውን ያራቁታል።

ምልክት፦ ዕቃው በትርፍ ተሸጠ፣ በገንዘቡ ግን ያንኑ ያህል ዕቃ መግዛት አልተቻለም

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚነግዱ ብዙ ሰዎች በዚያ ክረምት መደርደሪያቸውን በአሮጌው ዋጋ ሸጠው ጨረሱ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበር፤ ሱቁ እንደዚያ ተሸጦ አያውቅም። ወደ ጅምላ ሻጩ ሲመለሱ ግን በአሥር ካርቶን ገንዘብ ስድስት ወይም ሰባት ካርቶን ነው ያገኙት።

መንስኤው ዋጋን በተገዛበት ማስላት ነው። ዋጋ የሚሰላው በሚተካበት ነው። የመተኪያ ዋጋ ለማወቅ ዕቃው እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት አቅራቢዎች ደውለው ዋና ዋናዎቹን አምስት ዕቃዎች ይጠይቁና በደብተር ይጻፉ። በሁለት ተከታታይ ሳምንት የጨመረ ካለ የመሸጫ ዋጋዎን በዚያው ሳምንት ያስተካክሉ። ጭማሪውንም ደንበኛ ከመጠየቁ በፊት ራስዎ ይንገሩ። ዋጋውን እንዳለ ትተው ሳይናገሩ ዳቦውን ማሳነስ ግን አይሞክሩ። ደንበኛ ዋጋ ሲጨምር ያጉረመርማል እንጂ ተመልሶ ይመጣል፤ እንደተታለለ ሲያውቅ የሚቀረው በዝምታ ነው።

ምልክት፦ የዱቤ ደብተሩ ወፍሯል

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ዱቤ የሰፈር ንግድ አካል ነው፤ «የለም» ብሎ መለጠፍ ጎረቤትን ያስቀይማል። ችግሩ ዱቤው ሳይሆን ወሰን ማጣቱ ነው። ለአንድ ቤት የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የተበዳሪው ፊርማ፤ እነዚህ ሦስቱ በደብተሩ ይኑሩ። ወሰኑን ለእህትዎ ብለው አንድ ጊዜ ከሰበሩት ሻጭዎ ለማንም ልታስከብረው አትችልም።

ምልክት፦ ሽያጭ በድንገት ወረደ

ከመደንገጥዎ በፊት የቀን መቁጠሪያ ይክፈቱ። ወተት፣ ኬክና ሥጋ ለሚሸጥ ቤት ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በየሳምንቱ ይመጣሉ። በረመዳን የቀኑ ሽያጭ ወደ ማታ ይዞራል። ሁለቱም ጾሞች በየዓመቱ ቀናቸው ስለሚለዋወጥ መጋቢትን ከመጋቢት ማወዳደር ያሳስታል፤ ሁዳዴን ከሁዳዴ፣ ረመዳንን ከረመዳን ያወዳድሩ። ይህን ለማድረግ የዕለት ሽያጭ ደብተር ሲጻፍ ከቀኑ አጠገብ «ጾም» ወይም «ፍስክ» የምትል አንዲት ቃል መጨመር ይበቃል። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ የቤተሰቡን ኪስ እንደሚያደርቅም ያስታውሱ።

ንጽጽሩ ተደርጎም ሽያጩ ከወረደ፣ መቅረታቸውን ያስተዋሉባቸውን አምስት ደንበኞች መንገድ ላይ ሲያገኙ ጠይቋቸው። መከላከል የለም፣ ማስረዳት የለም፤ መስማት ብቻ። እኔን አንዲት እናት «ዳቦሽ አልከፋኝም፤ ልጄን ዳቦ ግዢ ብዬ ስልካት መልስ ሳይሰጧት ስላቆዩዋት ነው» አሉኝ። «መልስ ሳይሰጧት» ማለታቸው የገንዘብ መልስ ነበር። በመሳቢያው ውስጥ ዝርዝር ብር ስለማይኖር ሻጮቹ ልጆችን «ቆይ» ይሉ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ዝርዝር አብሮ ይገባ ጀመር።

ምልክት፦ ሠራተኛ ሙያ ከለመደ በኋላ ይሄዳል

«ውለታ አያውቁም» የሚለው አባባል ለባለቤቱ ይጥማል፤ ችግሩን ግን አይፈታም። ከእኔ ዘንድ የሄዱትን በኋላ አግኝቼ ስጠይቅ ከደመወዝ ማነስ በፊት የነገሩኝ ሁለት ነገር ነው፤ የደመወዝ ቀን መንሸራተቱና ሰው ፊት መሰደባቸው።

ደመወዝ በ30 ከተባለ በ30 ይከፈል፤ ባለቤቱ ራሱ ሳይወስድም ቢሆን። ስህተት የሠራ ሰው ለብቻው ይነገረው፤ ያጠፋው ነገር ይነገረው እንጂ ማንነቱ አይነካ። ጥሩ የሠራ ግን ሰው ፊት ይመስገን። ሕጉንም ይወቁ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ አንድ ዓመት ያገለገለ ሰው 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ አለው። ዳቦ ቤት በሌሊት የሚሠራ ስለሆነ ይህችን በተለይ ልብ ይበሉ፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ 1.75 እጥፍ ይከፈልበታል። ይህን ሳይጠየቅ የሚከፍል አሠሪ ጋጋሪ አያጣም።

ምልክት፦ ባለቤቱ አንድ ቀን ከቀረ ሱቁ ይቆማል

ለቅሶ መድረስ፣ ልጅ ሐኪም ቤት መውሰድ፣ መታመም፤ እነዚህ ለማንም የማይቀሩ ናቸው። መንስኤው ሥራው ሁሉ በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ መኖሩ ነው። የአቅራቢው ስልክ፣ የውሃው ልክ፣ የዱቤው ወሰን፣ የቁልፉ ቦታ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሆን ብለው ይቅሩ። አይደውሉ። ሲደወልልዎ መልሱን ይስጡና ጥያቄውን ይጻፉ። ማታ የተጻፉት ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ወጥተው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለባቸው ናቸው። እኔ በመጀመሪያው ማክሰኞ ዘጠኝ ጊዜ ተደውሎልኛል። በአራተኛው ሁለት ጊዜ፤ አንዱ የማቡኪያው ልጅ ነበር፤ ሚዛኑ ደብዘዝ ማለቱን አይቶ ባትሪ ከመሳቢያው ገንዘብ ገዝቶ መቀየሩንና ደረሰኙን ማስቀመጡን ለመንገር።