ሰብፎርም ውስጥ እምቢ ያለው በተን፣ እንዴት እንደተስተካከለ

ደብረ ብርሃን ላለ አንድ የበግ አርቢዎች ማህበር በማይክሮሶፍት አክሰስ ዳታቤዝ እየሰራሁ ነበር፣ ዋናው ፎርም ላይ አርቢው አለ፣ ከስሩ ሰብፎርም (ዋናው ውስጥ የገባ ሌላ ፎርም) ላይ በጎቹ ይዘረዘራሉ፣ እና እያንዳንዱ በግ አጠገብ «ክትባት መዝግብ» የሚል በተን አለ። የበጎቹን ፎርም ለብቻው ስከፍተው በተኑ ጥሩ ይሰራል። በአርቢው ፎርም ውስጥ ሲከፈት ግን ስህተት 2450፣ የተጠራውን ፎርም ላገኘው አልቻልኩም ይላል።

ሁለት ቀን ሙሉ በተኑን እያጠፋሁ እንደገና ስሰራ ቆየሁ፣ ችግሩ ግን በተኑ ላይ አልነበረም። ኮዱ የበጉን ቁጥር የሚያነሳው «ፎርምስ» (Forms) ከሚባለው ዝርዝር የበጎቹን ፎርም በስሙ ጠርቶ ነው፣ እዛ ዝርዝር ውስጥ ያሉት ደግሞ ለብቻቸው የተከፈቱት ብቻ ናቸው፣ ሰብፎርም አይቆጠርም። የፎርሙን ስም አውጥቼ በ«ሚ» (Me) ተካሁት፣ ኮዱ ያለበት ፎርም ራሱ ማለት ነው፣ አሁን በሁለቱም በኩል ይሰራል።

የበጉን ቁጥር ከኩዌሪ (ከዳታቤዙ መረጃ መርጦ ከሚያወጣው ጥያቄ) የምትጠሩት ከሆነ ግን «ሚ» እዛ አይሰራም፣ በዋናው ፎርም በኩል ሂዱ፦ ዋናው ፎርም፣ ከዛ ሰብፎርሙን የያዘው ኮንትሮል (ዋናው ፎርም ላይ ያለው ሳጥን)፣ ከዛ «ፎርም» (Form) የሚለው ቃል፣ ከዛ ፊልዱ። የኮንትሮሉ ስም ከፎርሙ ስም ሊለይ ይችላል፣ እኔ ጋ ይለያይ ነበር፣ ፕሮፐርቲ ሺት (የኮንትሮሉ ስምና ቅንብር የሚታይበት መስኮት) ላይ አረጋግጡ።

ደሞ አዲስ በግ ጽፋችሁ ወዲያው በተኑን ከነካችሁ ሪከርዱ ገና ሴቭ አልሆነም፣ ሴቭ እንዲሆን ኮዱ መጀመሪያ ላይ የ«ሚ»ን «ደርቲ» (Dirty፣ ሴቭ ያልሆነ ለውጥ አለ የሚል ምልክት) ፎልስ (False) አድርጉት። ትላንት ከመንዝ የመጡት ልጆች ሳይቆራረጥ ሲመዘግቡ አይቼ በጣም ደስ አለኝ።