የሰፈራችንን የሴቶች እድር ታሪክ እንዴት እንጻፍ?

የሴቶች እድር ሲነሣ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በለቅሶ ቤት የሚተከለው ድንኳንና ለአስተዛዛኝ የሚቀርበው ንፍሮ ነው። ይሁን እንጂ በየሰፈሩ ያሉ እናቶች በዚያው እድር አማካይነት ወላጅ ላጡ ልጆች ደብተር ገዝተዋል፣ ለመንገድና ለውኃ ቦይ ሥራ ገንዘብ አዋጥተዋል፣ አስታማሚ ያጣ ሕመምተኛ አስታመዋል። ይህ ሥራ በጽሑፍ ካልተያዘ ሠሪዎቹ ሲያልፉ አብሮ ይቀበራል። ይህ መመሪያ የእናቱን ወይም የአያቱን እድር ታሪክ ለመጻፍ ለተነሣ ሰው የተዘጋጀ ነው።

ሥራው በፈቃድ ይጀመራል። የእድር መዝገብ የገንዘብ መዝገብም በመሆኑ፣ ድንገት መጥቶ «መዝገቡን አሳዩኝ» የሚል ሰው ሒሳብ ሊመረምር የመጣ ይመስላል። ስለዚህ አስቀድመው ሰብሳቢዋን ያነጋግሩ፤ ጉዳዩ በወርኃዊው ስብሰባ ቀርቦ አባላቱ እንዲስማሙበትና ስምምነቱም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ይጠይቁ። መዝገብ ከተቀመጠበት ቤት አይውጣ፤ እያንዳንዱን ገጽ ጸሐፊዋ ባለችበት በስልክ ፎቶ ማንሣት ይበቃል።

ከመዝገቡም በፊት ዕቃ ቤቱን ማየት ይጠቅማል። የእድር ብረት ድስት፣ ትሪና ወንበር ከሌላ እድር ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ምልክት ይደረግበታል፤ አንዳንዱ ላይ የእድሩ ስም በቀለም ተጽፏል፣ አንዳንዱ ላይ በምስማር ተጭሯል። በእናቴ እድር ዕቃ ቤት ጥላሸት የጠገበ አንድ ትልቅ ድስት አለ፤ ጆሮው ሥር የተጫረው የእድሩ ስም አሁን ከሚጠራበት የተለየ ነው። እድሩ ስሙን መለወጡን ያወቅሁት ከዚያ ድስት ነው፤ ለምን እንደተለወጠ ስጠይቅም ሁለት የሰፈር እድሮች የተዋሐዱበት ታሪክ ወጣ።

በመዝገቡ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሊወስዱ ይገባል፤ የሴቶች ሥራ ተደብቆ የሚገኘው እዚያ ነውና። በድሮ መዝገቦች ውስጥ አባሏ በራሷ ስም ሳይሆን «የአቶ እገሌ ባለቤት» ተብላ የምትገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ስም እንዳለ ገልብጦ ማለፍ አይገባም፤ በዕድሜ የገፉ አባላትን እየጠየቁ የእያንዳንዷን ሙሉ ስም ከነአባቷ ማግኘት የታሪኩ ግማሽ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። የፊርማውንም ዓምድ ልብ ይበሉ። እኔ ባየሁት መዝገብ ከዓመት ዓመት በሐምራዊ ቀለም የጣት አሻራ ስታኖር የቆየች አንዲት እናት፣ ከ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጀመር በኋላ ባሉት ገጾች ስሟን በሚንቀጠቀጡ ትልልቅ ፊደላት ትጽፋለች። መዋጮ፣ ቅጣትና ወጪም እንዲሁ ተናጋሪ ናቸው፤ «ለደብተር መግዣ» ወይም «ለአራስ ጥየቃ» የሚል አንድ መስመር ሙሉ ምዕራፍ ሊወጣው ይችላል።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው የዘመን ቆጠራ ነው። እናቶች ዓመተ ምሕረት ሳይሆን ክስተት ይዘው ይናገራሉ፤ ስለዚህ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ከማለት «ትርፍ ቤት ከመወረሱ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የተወረሰበት አዋጅ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው፤ «ሰባ ሰባት» ሲባል የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ነው፤ ደርግ የወደቀው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ «ሚሌኒየሙ» መስከረም 2000 ዓ.ም. ነው። «ብር ሲለወጥ» የሚለው አነጋገር ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ብር በ1969 ዓ.ም.ም በ2013 ዓ.ም.ም ተለውጧልና የትኛው እንደሆነ መልሰው ይጠይቁ። ከውጭ ድርጅት የመጣ ደብዳቤ ካጋጠመዎት ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሚሆን አይርሱ፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው።

ለቃለ መጠይቅ ከቡና ሰዓት የተሻለ ጊዜ የለም። ሆኖም «እድሩ ምን ሠራ?» ብለው ቢጠይቁ «ምን ሠራን ልጄ፣ ሰው ቀበርን» የሚል መልስ ያገኛሉ፤ እናቶቻችን ሥራቸውን እንደ ሥራ አይቆጥሩትምና። በምትኩ ቁርጥ ያለ ነገር ይጠይቁ፦ የመጀመሪያው ድንኳን በማን ገንዘብ ተገዛ፣ ድንኳን ከመገዛቱ በፊትስ ለቀስተኛ የት ይቀመጥ ነበር፣ ለሶማሊያ ጦርነት ዘማች በሶና ዳቦ ቆሎ ሲዘጋጅ እህሉ ከየት መጣ፣ ማንስ ፈጨ? ሁለትና ሦስት ሆነው ሲቀመጡ አንዷ የዘነጋችውን ሌላዋ ታስታውሳለች፤ ቅሬታ ያላት አባል ግን ለብቻዋ መጠየቅ አለባት።

የሰፈሩን ታሪክ ከአገሩ ታሪክ ጋር ማያያዝ አስፈላጊ ቢሆንም ከልክ ማለፍ የለበትም። በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የሚመራው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ለዘማቾች ፋሻና ልብስ ያዘጋጅ ነበር፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ አብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ በየቀበሌው ሴቶችን አደራጅቷል። የእርስዎ እድር ከነዚህ ጋር ግንኙነት እንደነበረው በማስረጃ ካረጋገጡ ይጻፉት፤ ካላረጋገጡ ይተዉት። አዲስ አበባ ላይ የሚኖር ሰው ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ሄዶ የድሮ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቅጾችን ማገላበጥ ይችላል።

መጻፍ የሌለበትም ነገር አለ። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባንኳኳበት ዘመን በርካታ እድሮች ሕመምተኛ በቤቱ አስታመዋል፣ የሙት ልጆችንም ደግፈዋል። የእድሩ ሥራ ይመዝገብ፤ የታመመው ሰውም ሆነ የተረዳው ልጅ ስም ግን አይጠቀስ፣ በሰፈሩ ሰው ዘንድ ሊያሳውቀው የሚችል ምልክትም አይሰጥ። ልጁ ዛሬ አድጎ በዚያው ሰፈር ሊኖር ይችላል።

ረቂቁ ሲያልቅ ለአባላቱ በስብሰባ ላይ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ። ማንበብ የማይችሉ እናቶችም ታሪካቸውን የማረም እኩል መብት አላቸው፤ «እሱን ድንኳን የሰፋችው እሷ አይደለችም» የሚል እርማት የሚመጣውም ያኔ ነው። ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር በተለያየ መንገድ ካስታወሱት ሁለቱንም ይጻፉ። የተስተካከለው ጽሑፍ አንዱ ቅጂ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጥ፣ ሌላው ለአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ፤ በእድሩ ቅጂ መጨረሻም ቀጣይዋ ጸሐፊ የምትሞላቸው ባዶ ገጾች ተጠርዘው ይግቡ።