የተራራው ሐዲድ ሲዘጋ የሩቅ መንገደኞች ባቡርን በሌላ መስመር ማሳለፍ

ከቺካጎ ተነሥቶ ካሊፎርኒያ የሚዘልቀው የአምትራክ (የአሜሪካ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት) ባቡር፣ ካሊፎርኒያ ዜፊር፣ ከዴንቨር በኋላ የሮኪ ተራሮችን የሚሻገረው በ1928 እ.ኤ.አ. በተከፈተውና 10 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የሞፋት ዋሻ በኩል ነው። ናዳ ወይም ጥገና ይህን መስመር ሲዘጋው ባቡሩ ወደ ሰሜን ዞሮ፣ በዋዮሚንግ አድርጎ ሶልት ሌክ ሲቲ ሊገባ ይችላል።

ሐዲዱ ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው የጭነት ባቡር ኩባንያ ስለሆነ አስቀድሞ የሚጠየቀው የእርሱ ፈቃድ ነው፤ ጥያቄው የባቡሩን ርዝመት፣ የባለ ፎቅ ፉርጎዎቹን ከፍታና ከዴንቨር የሚነሣበትን ሰዓት ይያዝ።

ይበልጥ የሚከብደው ግን ሠራተኛ ማግኘት ነው። የመስመሩን ቁልቁለት፣ የፍጥነት ገደብና የምልክቶቹን ቦታ ጠንቅቆ የማያውቅ ነጂ ብቻውን ሊነዳ አይገባውም፤ መንገዱን የሚያውቅ ባለሙያ አጠገቡ ሊቀመጥ ይገባል። የአሜሪካ ሕግ ለባቡር ሠራተኞች ከ12 ሰዓት በላይ ሥራ ስለማይፈቅድ፣ በተለመደው ጉዞ ግራንድ ጃንክሽን ላይ የሚቀየረው ቡድን አሁን ዋዮሚንግ ውስጥ ላራሚ ወይም ሮውሊንስ ላይ በመኪና ቀድሞ ደርሶ መጠበቅ አለበት። ይህ ከተዘነጋ ባቡሩ መንገደኞቹን እንደያዘ ገላጣ ሜዳ ላይ ይቆማል።

በአዲሱ መንገድ ግራንቢ፣ ግሌንውድ ስፕሪንግስ፣ ግራንድ ጃንክሽን፣ ሄልፐርና ፕሮቮ ይዘለላሉ። ወደ እነዚህ የሚሄዱ መንገደኞች አውቶቡስ ሊዘጋጅላቸው ይገባል፤ በእኔ እምነት የአውቶቡሱ ነጂ ራሱ በስልክ ተገኝቶ መምጣቱን እስኪያረጋግጥ ድረስ ባቡሩን ከዴንቨር መልቀቅ ተገቢ አይደለም። በግሌንውድ ሸለቆ ሐዲዱና ኢንተርስቴት 70 የሚባለው አውራ ጎዳና በኮሎራዶ ወንዝ ግራና ቀኝ ትይዩ ስለሚሄዱ፣ ሐዲዱን የዘጋው ዝናብ አውቶቡሱንም ሊያግደው ይችላል። እንዲህ ሲሆን መንገደኛው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት እውነቱ ተነግሮት፣ ማደር ወይም ገንዘቡን መውሰድ እንዲመርጥ ይደረግ።

ውኃና ምግብ ዴንቨር ላይ ከወትሮው በርከት ብሎ ይጫን።

በድምፅ ማጉያ የሚነገረውም ጥንቃቄ ይሻል። ባቡሩ ዘወትር የሚቆምባት ግሪን ሪቨር ዩታ ውስጥ ናት፤ በዙሪያ ጥምጥሙ መንገድ የሚያልፍባት ደግሞ የዋዮሚንጓ ግሪን ሪቨር ናት። ስለዚህ አስተናጋጁ የከተማዋን ስም በጠራ ቁጥር ግዛቷንም አብሮ ይጥራ፤ ለዩታዋ ትኬት የቆረጠ መንገደኛ በሌሊት ሻንጣውን ይዞ በሌላ ግዛት እንዳይወርድ።