አውሮፕላን ውስጥ ኢንተርኔት እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለማቋረጥ የሚበር ሰው ከ12 ሰዓት በላይ አየር ላይ ይቆያል። ዋይፋይ ከፍሎ ገዝቶ ሳይጠቀምበት የሚወርድም አለ፤ ስልኬ ተበላሸ ብሎ ደጋግሞ ሲያጠፋና ሲያበራ የሚከርምም አለ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይለዩ። ካቢኑ ውስጥ ያለው ዋይፋይ ሌላ፣ አውሮፕላኑን ከውጭ የሚያገናኘው መስመር ሌላ ነው። ስልክዎ የሚገናኘው እዚያው አውሮፕላኑ ላይ ከተጫነ ሰርቨር (አገልግሎቱን የሚያቀርብ ኮምፒውተር) ጋር ሲሆን፣ ከሳተላይት ጋር የሚነጋገረው አንቴና ደግሞ አውሮፕላኑ ጀርባ ላይ ጉብ ባለ ሽፋን ስር ነው የሚቀመጠው። የአየር መንገዱ ገጽ ከተከፈተልዎ ስልክዎ ጤነኛ ነው፤ ችግሩን ከዚያ ወዲያ ይፈልጉት።

ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ የመግቢያው ገጽ ግን አይመጣም

እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቪፒኤን፣ ማለትም ግንኙነትዎን በሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር በኩል አዙሮ የሚያወጣው አፕ ነው። በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ሲዘጉ አገር ቤት ያለ ብዙ ሰው ቪፒኤን ጭኗል፤ ራሱ እንዲነሳ አድርጎ የተወውም ጥቂት አይደለም። ቪፒኤን መጀመሪያ የራሱን ሰርቨር ካላገኘ ምንም አያሳልፍም፤ አውሮፕላኑም በገጹ ሳይገቡ ወደ ውጭ አያሳልፍም። ሁለቱ ተፋጠው ይቀራሉ። ቪፒኤኑን ያጥፉ፣ ይግቡ፣ ከዚያ መልሰው ያብሩት። አንድሮይድ ላይ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚለው ቦታ አድራሻ ተሞልቶበት ከሆነ እሱንም ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት።

አሁንም ካልመጣ፣ መቀመጫው ኪስ ውስጥ ያለው ካርድ ወይም ፊት ለፊትዎ ያለው ስክሪን ላይ የተጻፈውን አድራሻ ብሮውዘር ላይ ራስዎ ይጻፉ። ጎግልን ወይም ፌስቡክን መሞከር አይጠቅምም፤ ግንኙነታቸው የተመሰጠረ ስለሆነ አውሮፕላኑ አቋርጦ ወደ ራሱ ገጽ ሊመራቸው አይችልም።

«ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ደግሞ ቀኑን ይዩ። የስልካቸውን ቀን በእጅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ስልኩ ግን 2017ን የሚያነበው እንደ ፈረንጆቹ 2017 ነው፤ የድረ ገጹ ሰርተፊኬት (የእውነተኛነቱ ማረጋገጫ) ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል። የፈረንጁን ቀን ይሙሉለት።

ከፍለው ገብተው ነበር፣ እንደገና ክፈሉ ይላል

አዳዲስ ስልኮች ባለቤታቸው እንዳይታወቅ ለዋይፋይ የሚሰጡትን መለያ ይቀያይራሉ። ሲቀየር አውሮፕላኑ አዲስ ሰው የገባ ይመስለዋል። አይፎን ላይ የዚያን ዋይፋይ ሴቲንግ ከፍተው «ፊክስድ» ያድርጉት፤ ሳይከፍሉ በፊት ግን።

ካርዱ አልፎ የባንኩ ኮድ አይደርስም

ኮዱ የሚመጣው በኤስኤምኤስ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ፍላይት ሞድ ላይ ነው። ፍላይት ሞዱን ማንሳት ክልክል ነው፤ ቢነሳም 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ኔትወርክ ይገኛል ብለው አይጠብቁ። መፍትሄው አየር መንገዱ የሚፈቅድ ከሆነ መሬት ላይ ሳሉ መግዛት ነው።

ገብቷል፣ ግን ይጎተታል

እዚህ ላይ የመስመሩ ዓይነት ይወስናል። አውሮፕላን ሠሪው ቦይንግ «ኮኔክሽን» የተባለውን የበረራ ኢንተርኔት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2004 በሉፍታንዛ አውሮፕላኖች ላይ አስጀምሮ በ2006 ዘጋው። በ2008 ጎጎ የተባለው አገልግሎት አሜሪካ ውስጥ ወደ ሰማይ ባዞራቸው የመሬት ማማዎች መጣ፤ በዚያ ጊዜ አንድ ሙሉ አውሮፕላን የሚካፈለው በሰከንድ 3 ሜጋቢት ገደማ ነበር፣ ውቅያኖስ ላይም አይሠራም። ዛሬም ብዙ አውሮፕላኖች የሚጠቀሙት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያሉ ሳተላይቶችን ነው። ጥያቄዎ ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም እንዲሁ ወጥቶ ወርዶ እስኪደርስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ያልፋል። ስታርሊንክ የተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ግን 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚዞር ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ኳታር ኤርዌይስ በጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ቦይንግ 777 ላይ ጀምሮታል። እኔ ብጠየቅ ውዱን ፓኬጅ ከመግዛትዎ በፊት አውሮፕላኑ በየትኛው እንደሚሠራ ይጠይቁ እላለሁ።

በእርስዎ በኩል የሚቻለው ጭነት መቀነስ ነው። ጎግል ፎቶስና አይክላውድ ፎቶ እንዳይጭኑ፣ አፖች ራሳቸውን እንዳያድሱ፣ ቴሌግራምም ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ያድርጉ። ጽሑፍ እየሄደ ፎቶ ከቀረ ምናልባት «መልእክት ብቻ» የሚለውን ፓኬጅ ነው የያዙት። የድምፅ ጥሪ ከሆነ ብዙ አየር መንገዶች ሆን ብለው ይዘጉታል።

መሃል ላይ ጠፋ

ካርታውን ይዩ። ከዱባይ ወይም ከዶሃ ወደ አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የሚሄደው በረራ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲጠጋ የምድር ወገቦቹ ሳተላይቶች ከአድማስ በታች ይሆናሉ፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ከአንዱ ሳተላይት ወደ ሌላው ሲዘዋወርም ለደቂቃዎች ሊቋረጥ ይችላል። ለሰዓታት ከጠፋ ግን ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሾት ያንሱና ሲያርፉ ገንዘብዎን እንዲመልሱ ይጠይቁ፤ የከፈሉበት ነው፣ አይለፉት።

ስክሪኑ ደርቋል፣ ወይም ድምፁ ባንድ ጆሮ ነው

ስክሪኑን ደጋግሞ መጫን አያድነውም። ለሆስተሷ ይንገሩ፤ የእርስዎን መቀመጫ ብቻ ለይታ ልታስነሳው ትችላለች፣ እስኪመለስ ደቂቃዎች ይፈጃል። ድምፁ ባንድ ጆሮ ከሆነ የኢርፎኑ ጫፍ እስከ መጨረሻው አልገባም፤ ሁለት ቀዳዳ ያለው መቀመጫ ከሆነ ደግሞ ባለሁለት ጫፍ ማገናኛ ይጠይቁ። ፊልሙ በራስዎ ስልክ የሚታይ ከሆነ አፑን ከመሳፈርዎ በፊት ያውርዱ። ፊልሞቹ አውሮፕላኑ ሰርቨር ላይ ስላሉ ኢንተርኔቱ ቢጠፋም ይሠራሉ።